«ተራ»፣ «የአዘቦት»፣ «ደባሪ»

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን በየዕለቱ ስለምንናገራቸው፣ ነገር ግን ብዙም ስለማናስተውላቸው ቃላት ጥቂት እንጨዋወታለን።

ባለፈው የትምህርት ዘመን የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቻችን «የቤታችን አንድ ቀን» በሚል ርዕስ ድርሰት እንዲጽፉ አዘን ነበር። አንድ ትጉህ ተማሪ ከሦስት መስመር ያልበለጠ ጽሑፍ አስረከበን። «አባቴ ሱቅ ይውላል። እናቴ ምግብ ትሠራለች። ሁሉም ደባሪ ስለሆነ የሚጻፍ ነገር የለም» ይላል። ልንቆጣው አሰብንና ተውነው። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን እናታችን ምሳ አቅርበው «እንዴት ነው ልጄ፣ ይጣፍጣል?» ቢሉን፣ ዓይናችንን ከጋዜጣው ሳናነሣ «ምንም አይልም» ብለናቸው ነበር። እናታችን ዝም ብለው ሰሃኑን አነሡ። የልጁን ድርሰት ስናነብ ያ ዝምታ ትዝ አለን።

እስቲ ቃላቱን አንድ በአንድ እንያቸው። «ደባሪ» ከ«ድብርት» ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ድብርት ደግሞ የሰው ስሜት ነው። ስለዚህ «ሽሮው ደባሪ ነው» የሚል ልጅ ስለ ራሱ ስሜት ነገረን እንጂ ስለ ሽሮው አንድም ነገር አልነገረንም። «አሰልቺ»ም እንዲሁ ነው፤ ነገሩ ከመደጋገሙ የተነሣ የሰለቸው ሰው አለ ማለት ነው።

ስለ ነገሩ ራሱ መናገር ለፈለገ ግን ዐማርኛችን ድኻ አይደለም። ጨዋታው ካልጣመ «ለዛ የለውም»፣ ቀለሙ ካልደመቀ «ፈዛዛ»፣ ትምህርቱ ምሳሌ ካነሰው «ደረቅ»፣ ዕቃው ጥራት ከጎደለው «መናኛ»፣ ወጡ በርበሬ ካልገባበት «አልጫ» እንላለን። እያንዳንዱ ቃል ነገሩን ለይቶ ስለሚያሳይ ለማረምም ይረዳል። አልጫማ ከነጭራሹ ጉድለት አይደለም፤ በርበሬ የማይስማማው ሕመምተኛና ሕፃን የሚበላው እርሱን ነውና። ሰውን «አልጫ» ብለን ስንነቅፍ ወጡንም አብረን በድለናል።

ታዲያ ጉድለት ሳይኖርበት በየዕለቱ የምናገኘውን ነገር ምን እንበለው? ወላጆቻችን ልብስን «የክት» እና «የአዘቦት» ብለው ይከፍሉታል። የክቱ ለዒድና ለሠርግ ተከትቶ ይቀመጣል። የአዘቦቱ ይለበሳል፣ ይሠራበታል፣ ይታጠባል፣ ይጣፋል። ዓመቱን ሙሉ ከብርድ የሚያድነን ይኸው የአዘቦቱ ነው።

«ተራ» የሚለውም ቃል ንቀት ብቻ አይደለም። መርካቶን ሸማ ተራ፣ ጫማ ተራ እያልን የምንጠራበት፣ ወረፋችንን ስንጠብቅም «ተራዬ ደረሰ» የምንልበት ቃል ነው። «ተርታ ሰው» ስንልም ከሌሎች ጋር በአንድ መስመር የቆመውን ማለታችን ነው። መስጊድ ውስጥ ለሶላት ስንሰለፍ የወዛደሩ ትከሻ ከነጋዴው ትከሻ ጋር በአንድ ተርታ ይገጥማል። በዚያ ተርታ መቆም ያሳፈረው ሰው አላየንም።

ዐረብኛውም ይህንኑ ያስታውሰናል። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን «ዓዲ» ሲሉ እንሰማለን፤ የተለመደ፣ ያው ማለት ነው። ቃሉ «ዓዳ»፣ ማለትም ልማድ፣ ከሚለው የመጣ ሲሆን ሥሩ ተመለሰ የሚል ትርጉም ያለው «ዓደ» ነው። በ711 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት ኢብኑ መንዙር «ሊሳኑል ዐረብ» በተሰኘው መዝገበ ቃላታቸው «ዒድ»ንም ያስቀመጡት ከዚሁ ሥር ነው፤ በየዓመቱ ይመለሳልና። እንግዲህ በዓሉና የተለመደው ነገር የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። አንዱ በዓመት ይመለሳል፤ ሌላው በየማለዳው።

ይህን ለተማሪያችን ነግረን «ደባሪ» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም ድርሰቱን እንደገና እንዲጽፍ ጠየቅነው። በሳምንቱ ሁለት ገጽ ይዞ መጣ። አባቱ ሱቁን ከመክፈታቸው በፊት ደጁን ውሃ እንደሚረጩ፣ የዱቤ ደብተራቸውን ማታ ማታ እርሱ እንደሚደምርላቸው፣ እናቱ ለታናሽ እህቱ ለብቻ አልጫ ሽሮ እንደሚሠሩ ጽፏል። «ሁልጊዜ ያው ነው» ብሎ ጀምሮ፣ «አባቴ የታመመ ጊዜ ግን ሱቁ ሦስት ቀን ተዘጋ፤ ቤታችን ቤት አልመስል አለኝ» ብሎ ጨርሷል። እኛ የምንጨምርበት ነገር አልነበረም።

ለእናታችን ያለብንንም ዕዳ ለመክፈል ሞክረናል። በሌላ ቀን ምሳ ሲያቀርቡልን ጋዜጣውን አጥፈን አስቀመጥንና «ምስሩ በደንብ በስሏል፤ ጨው ብቻ ትንሽ አንሶታል» አልናቸው። ሳቅ ብለው «ዛሬስ ቀመስከው!» አሉንና ጨው አመጡ።

ውድ ወላጆችና ወጣቶች! በዚህ ወር አንድ ምሽት በራት ማዕድ ዙሪያ ተሰብስባችሁ፣ እያንዳንዳችሁ በየቀኑ የምታገኙትን አንድ ነገር «ደባሪ» ሳትሉ በትክክለኛው ቃል ግለጹት። ታናናሾቹ ይጀምሩ፤ አባትና እናትም ተራቸውን ይጠብቁ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ፣ ወሰላሙ ዓለይኩም።