ጤናችን፦ ለልብ ምርመራ ሲላኩ ኩላሊትን አይርሱ

ከካኩማ ወደ ናይሮቢ ሪፈር ተጽፎላቸው የልብ ደም ሥር ምርመራ የሚጠብቁ አንድ አባት፣ «የሚወጉኝ ቀለም ኩላሊት ይጨርሳል ይባላል፤ ልቅር እንዴ?» ብለው ጠይቀውናል። አይቅሩ እንላለን።

ቀለሙ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ነው፤ ደም ሥሩ በራጅ ጎልቶ እንዲታይ ያደርጋል፣ ከዚያ በኩላሊት ተጣርቶ በሽንት ይወጣል። ጤነኛ ኩላሊት አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። የሚያሰጋው ቀድሞ የደከመ ኩላሊት ነው፣ በተለይ ስኳር ካለና ሰውነት ውሃ ካነሰው። የእኛ ሰው ደግሞ መንገድ ላይ ሽንት እንዳይመጣብኝ ብሎ ውሃ ሳይቀምስ ነው አውቶቡስ ላይ የሚውለው! በዚህ ሙቀት ላይ ጾም ሲጨመርበት አስቡት።

ስለዚህ አባታችን፣ አስቀድሞ ክሬአቲኒን የሚባለው የኩላሊት የደም ምርመራ ይሠራልዎት፤ ውጤቱንም ይዘው ይሂዱ። ለጉልበትና ለወገብ የሚውጧቸውን ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ለሐኪሙ ይናገሩ፣ ሊያስቆምዎት ይችላል። የስኳሩን ሜትፎርሚንም ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ሰው ለ48 ሰዓት ያቋርጠዋል፣ በራስ ፈቃድ ግን አይቆምም። ውሃ ይጠጡ፤ እግርዎ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥርዎ ከሆነ ግን መጠኑን ሐኪሙ ይወስን።

አሴቲልሲስቲን ግዙ የሚሏችሁን አትስሙ። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማን የተሳተፉበት ጥናት መድኃኒት ከሌለው ክኒን እንደማይሻል አሳይቷል።

ጉዳት ካለ የሚታወቀው በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን በሚሠራ የደም ምርመራ ነው። ያን ጊዜ መንገድ ላይ ወይም ካምፕ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ እዚህ ክሊኒክ እንዲሠራልዎት ከመውጣትዎ በፊት ወረቀት ያጽፉ። ሽንት ካነሰ ወይም ፊት ካበጠ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በዚያው ቀን ይምጡ።