የንግሥቲቱ ሸሚዝና የደንገጡሮቿ «ክብር»

ስለ ቤተ መንግሥት እመቤቶች ሲነሣ በኪነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ ሁለት ዐይነት አመለካከት ጎልቶ ይታያል። አንደኛው ወገን የሐር ቀሚሱን፣ የዕንቁ ድሪውንና የሹክሹክታ ፍቅሩን እያነሣ ተመልካቹን ያስጎመጃል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «የገዥው መደብ ሴቶች ኑሮ ለእኛ ምናችን ነው?» ብሎ ጉዳዩን በአንድ ቃል ይዘጋዋል። ጠባቸው የምር ቢመስልም ሁለቱም የሚስማሙበት አንድ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ከባላባት ወገን የተወለደችው ደንገጡር ሥራ ፈት ነበረች ብለው ማመናቸው ነው። ይህ ጽሑፍ የሚሞግተው ይህንኑ እምነት ነው። ደንገጡር ሥራ ነበራት፤ ሥራዋም ሎሌነትን ክብር አስመስሎ ማሳየት ነበር። ለዚህ ከቬርሳይ ቤተ መንግሥት የተሻለ ምስክር ማግኘት ያስቸግራል።

የፈረንሳዩ ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1682 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) መንበሩን ወደ ቬርሳይ ሲያዛውር፣ በልጅነቱ ዘመን ያምፅበት የነበረውን መኳንንት እደጁ ሰብስቦ ለማሰር ቻለ። ማሰሪያው ብረት አልነበረም። ንጉሡ ከመኝታው ሲነሣ ሸሚዝ የማቀበል፣ ሲተኛ መቅረዝ የመያዝ «መብት» ነበር። ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ የእኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል፤ በቬርሳይ ግን ደጅ ጥናቱ ከደጅ አልፎ መኝታ ቤት ገብቶ ነበር።

ከአንድ መቶ ዓመት በኋላ በንግሥት ማሪ አንቷኔት ዘንድ የሆነውን እንመልከት። የንግሥቲቱ ዋና የእልፍኝ አገልጋይ የነበረችው መዳም ካምፓን በትዝታዋ እንደምትተርከው፣ በአንድ የክረምት ጧት ንግሥቲቱ ልብሷን አውልቃ ሸሚዟን ለመልበስ ትጠባበቃለች። ካምፓን ሸሚዙን ዘርግታ ይዛለች። የክብር እመቤቲቱ ትገባለች፤ ማዕረጓ ከካምፓን ስለሚበልጥ ጓንቷን አውልቃ ሸሚዙን ትቀበላለች። ወዲያው በሩ በጥፍር ይቧጨራል፤ በዚያ ቤት በር ማንኳኳት ነውር ነበርና። የገባችው የኦርሌያን መስፍን ሚስት ናት። እርሷም ጓንቷን ታወልቃለች። ነገር ግን የክብር እመቤቲቱ ለመስፍኑ ሚስት በቀጥታ ማቀበል ስለማይፈቀድላት፣ ሸሚዙ ወደ ካምፓን ይመለስና ከካምፓን እጅ ይሰጣታል። ዳግመኛ በሩ ይቧጨራል። አሁን የመጣችው የንጉሡ ወንድም ሚስት በመሆኗ ሸሚዙ እንደገና እጅ ይለውጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን ንግሥቲቱ እጆቿን በደረቷ ላይ አጣምራ በብርድ ቆማለች። በመጨረሻ ሸሚዙ ሲጠልቅላት የጠጉሯ አሠራር ተበላሸ፤ ንግሥቲቱም ምሬቷን በሣቅ ሸፈነችው።

ብዙዎች ይህን ታሪክ ለሣቅ ይጠቅሱታል። እኔ ግን አያሥቀኝም። ከእነዚያ እመቤቶች አንዷ እንኳ «ንግሥቲቱ በርዷታልና ቶሎ እናልብሳት» ብትል፣ የበታቿን መብት ሳይሆን የራሷን ማዕረግ መጣሏ ነበር። የአገልግሎቱ ዓላማ ተገልጋይዋን ማገልገል መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። በንግሥቲቱ ፊት በርጩማ ላይ የመቀመጥ መብት የነበራቸው እንደ ዱሼስ ያሉ ባለ ከፍተኛ ማዕረግ ሴቶች ነበሩ፤ ሌላዋ እመቤት፣ እርጉዝም ብትሆን፣ መቆም ነበረባት። ቤተሰቦች ለዚህች በርጩማ ሲሉ ትውልድ እስከ ትውልድ ይሻኮቱ ነበር።

የልዕልት ደ ላምባል ሕይወት ደግሞ የዚህን ኑሮ ዋጋ ከነሒሳቡ ያሳያል። በ1749 በቱሪን ተወለደች፤ በ1767 ተዳረች፤ በ1768 ባሏ ሞተባት። በ1775 ማሪ አንቷኔት የቤቷ የበላይ አስተዳዳሪ አድርጋ ሾመቻት። ሹመቱ ከ1741 ጀምሮ ባዶ የቆየ ነበር፤ ለወዳጅነት ሲባል ከመቃብር ተነሣ። የዓመት ደመወዙ 150,000 ሊቭር ነበር። በዚያ ዘመን የፓሪስ የቀን ሠራተኛ በቀን ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊቭር ያገኝ ስለነበር፣ ይህን ገንዘብ ለማግኘት አንድም ቀን ሳያርፍ ከ250 ዓመት በላይ መሥራት ነበረበት። የላምባል አማት ደግሞ ከፈረንሳይ ባለጠጎች አንዱ ነበር! የክብር እመቤት የነበረችው ኮንቴስ ደ ኖዋይ በበኩሏ፣ ከበላይዋ ሌላ ሴት ስትሾም ሥራዋን ለቃ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ የንግሥቲቱ ልብ ወደ ዱሼስ ደ ፖሊኛክ አደላ፤ ላምባል ከነማዕረጓ ዳር ተገፋች። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው አባባላችን እዚህ አይሠራም፤ በልታም ቆጭቷታል።

እዚህ ላይ «ታዲያ ልናዝንላት ነው?» የሚል ይኖራል። አዎን፣ ለማዘን የሚከለክለን የለም፤ ሒሳቡን ግን አንርሳ። ፖሊኛክ በሐምሌ 1789 ፈጥና ስትሸሽ፣ ላምባል ከአገር ወጥታ ከቆየች በኋላ በ1791 ወደ ንግሥቲቱ ተመለሰች፤ መስከረም 3 ቀን 1792 በላ ፎርስ እስር ቤት ደጃፍ በግፍ ተገደለች። ግድያው የሕዝብ ፍትሕ አልነበረም፤ እንደዚያ ብሎ የሚጽፍ ካለ በታሪክ ላይ ይዋሻል። ታማኝነቷም እውነተኛ ነበር። ችግሩ ከዚያ ታማኝነት በቀር ሕይወቷን የምታቆምበት ሌላ ነገር ሥርዓቱ ያልሰጣት መሆኑ ነው።

ካምፓንን ያየ ይህን ይበልጥ ይረዳል። እርሷ ባላባት አልነበረችም፤ በ15 ዓመቷ ገደማ ወደ ቤተ መንግሥት የገባችው ለሉዊ 15ኛ ሴቶች ልጆች መጽሐፍ እንድታነብ ነበር። ማንበብና ማስተማር ታውቅ ስለነበር፣ ቤተ መንግሥቱ ከፈረሰ በኋላ በ1794 በሳን ዠርማን የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ከፈተች። በ1807 ናፖሊዮን የኤኩዋን ትምህርት ቤት ኃላፊ አደረጋት። ሸሚዙን ከታች ሆና ያቀበለችው እርሷ ስለነበረች፣ ከሁሉ አጥርታ ያየችውም እርሷ ናት።

በእኛ ታሪካዊ ተውኔቶች ደንገጡር ብዙ ጊዜ መጋረጃው ሲከፈት ከእቴጌዪቱ ኋላ የምትቆም፣ መጋረጃው ሲዘጋ የምትወጣ የመድረክ ጌጥ ናት። ቃል የላትም፤ እግሯም አይደክማትም። አዘጋጆቻችን ይህን ትተው የሸሚዙን ዐይነት ትዕይንት ይሞክሩ፤ በመምህራን ማሠልጠኛም ሆነ በቀበሌ ኪነት ለመሥራት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ሸሚዝ፣ አምስት ሴቶችና አንድ በር ይበቃል። ጓንቱ በትክክለኛ ጊዜው ይውለቅ፤ ለማሳጠር አይቸኮል፤ ተመልካቹም ብርዱ እስኪሰማው ድረስ ይጠብቅ።