ማኅበር የሚጸናው በፈቃድ ነው

የገና በዓል ሲቃረብ በላሊበላ ከተማ ሆቴሎች አልጋቸውን ያነጥፋሉ፤ ባለሱቆችም መደርደሪያቸውን ይሞላሉ። ለዚህም ሥራ ከላስታ ገጠር፣ ከግዳንና ከመቄት የሚመጡ ወጣቶች በአስተናጋጅነት፣ በወጥ ቤት፣ በጥበቃና በጭነት ሥራ ይቀጠራሉ። ከእነዚህ አንዱ «የሠራተኛ ማኅበር ልግባ ወይስ ልቅር?» ብሎ ቢያስብ፣ ቁርጡን የሚናገር ማን ሊሆን ይገባዋል? እኛ የምንለው፣ ከሠራተኛው ከራሱ በቀር ማንም ሊሆን አይገባም ነው፤ ይህም ከሠራተኛው ይልቅ ለነጋዴው የማይጠቅም መስሎ የሚታያቸው ቢኖሩ፣ ነገሩን ቀረብ ብለው እንዲመረምሩት እንለምናቸዋለን።

ጉዳዩ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሥራ ሲባል ማኅበር ማቋቋምንና ወደ ማኅበር መግባትን ፈቅዶ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ፤ በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ሠራተኞችና አሠሪዎች በመረጡት ማኅበር የመደራጀት ነፃነት እንዲኖራቸው የሚደነግገውን የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት 87ኛ ስምምነት ተቀበለች። ዳሩ ግን በ1968 ዓ.ም. ይህ ማኅበር በደርግ ፈረሰ፤ በ1969 ዓ.ም. በምትኩ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ከላይ ወደ ታች ተዋቀረ። በአንድ ድርጅት ከአንድ ማኅበር በላይ አይፈቀድም ነበርና ሠራተኛው የሚመርጠው አማራጭ አጣ። ማኅበሩ የመንግሥት አፍ ሆነ፤ የሠራተኛውን ብሶት ለአሠሪው፣ የአሠሪውንም ችግር ለሠራተኛው የሚያደርስ ታማኝ መልእክተኛ ጠፋ። ከአንድ ማኅበር በላይ እንዲቋቋም የተፈቀደው በአዋጅ ቁጥር 377/1996 ነው።

ዛሬ በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነገሩን በሁለት ወገን ይጠብቀዋል። በአንቀጽ 14 አሠሪው ሠራተኛውን ማኅበር እንዲገባም ሆነ እንዳይገባ እንዳያስገድደው ይከለክላል፤ በአንቀጽ 26 የማኅበር አባል መሆን ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት እንደማይሆን ይደነግጋል። አሥር ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ሊቋቋም ይችላል። ከአሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሉባቸው ድርጅቶች ያሉትም ተሰባስበው፣ ቁጥራቸው አሥር ከሞላ፣ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር ለማቋቋም ይችላሉ። እንግዲህ ሦስት ወይም አራት ሰው የሚቀጥር ባለሱቅ «ሕጉ እኔን አይመለከተኝም» ሊል አይችልም።

ነገር ግን በትንሽ ከተማ ከአዋጅ ይልቅ ይሉኝታ ይበረታል። አሠሪው ለተቀጣሪው አጎት ወይም የአባቱ ወዳጅ ሊሆን ይችላል። ፊቱን ያጠቆረ እንደ ሆነ፣ ያለ አንድ ቃል ወጣቱ ማኅበሩን ይተዋል። እንዲሁም የሥራ ባልንጀሮቹ «ከእኛ ተለየ» ብለው በቡና ላይ ቢያሙት፣ ሳይወድ ይፈርማል። ሁለቱም ግዳጅ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት በታኅሣሥ 1941 ዓ.ም. ያወጀው የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ማንም ሰው ማኅበር እንዲገባ እንዳይገደድ ያዘዘው ስለዚህ ነው። በእንግሊዝ አገርም ማኅበር አንገባም ስላሉ ከባቡር ሥራቸው የተባረሩ ሦስት ሰዎች ጉዳያቸውን እስከ አውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት አድርሰው በ1973 ዓ.ም. ተፈርዶላቸዋል።

«ማኅበሩ ደክሞ ያገኘውን ጥቅም አባል ያልሆነውም ይካፈላል፤ ይህ ፍትሕ ነውን?» የሚሉ አሉ። ቅሬታው ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱ ማስገደድ ሳይሆን በሥራ ማሳየት ነው። ጥሩ እድር ሰው የሚያገኘው በማስፈራራት አይደለም፤ ባዘነው ቤት ፈጥኖ በመድረሱ ነው።

ለነጋዴው ያለው ጥቅም በክፉ ቀን ይታያል። በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ በገባ ጊዜ፣ ከዚያም በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ላሊበላ ድረስ በደረሰ ጊዜ የጎብኚው እግር ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ደመወዝ ስለ መቀነስ፣ ሥራን በተራ ስለ መሥራት፣ ከሥራ የሚወጣውንም ሰው ስለ መለየት መነጋገር ግድ ይሆናል። አዋጁም የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ አሠሪው ከሠራተኛ ማኅበሩ ወይም ከሠራተኞቹ ተወካይ ጋር እንዲመካከር ያዝዛል። ሠራተኞቹ ወደው የመረጡት ሰው «ችግሩ እውነት ነው፤ እንታገሥ» ቢላቸው ይሰሙታል፤ በአሠሪው የተሾመውን ግን ማንም አያምነውም።

እኛም ነጋዴዎች ይህን ከራሳችን እናውቀዋለን። ዛሬ የንግድ ምክር ቤት አባልነት በነጋዴው ፈቃድ የተመሠረተ ነው። ግባ ብሎ የሚያስገድደን ወይም አትግባ ብሎ ፈቃዳችንን የሚነጥቀን ቢመጣ አቤት እንላለን። ለራሳችን የምንሻውን ለአስተናጋጁና ለጫኙ መንፈግ አይገባንም።

ስለዚህ ሠራተኛ ስንቀጥር ስለ ማኅበር አንጠይቅ። የማኅበር መዋጮ ከደመወዝ የምንቀንሰው ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ብቻ ይሁን። የሥራ ተራና የዕረፍት ቀን ስናድል አባሉንና አባል ያልሆነውን በአንድ ዓይን እንይ። የማኅበር ሰዎችም ያልገባውን ከማሳፈር ይቆጠቡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል ይባላል፤ በግድ የተገመደ ድር ግን አንበሳው ሳይደርስበት ራሱ ይፈታል።