ለቤትዎ፦ የተጣመመ መጫወቻ ይቃናል

የልጅዎ መጫወቻ አንዲት የፕላስቲክ ፈረስ ብቻ ከሆነች፣ ምድጃ አጠገብ ቆይታ እግሯ ተጣመመ ተብሎ አትጣልም። ፕላስቲክ ሲሞቅ ይላላል፤ በያዙት ቅርጽ ሲቀዘቅዝም እንደዚያው ይረጋል።

ፈልቶ የወረደ ውሃ በሳህን ያድርጉና እግሯን ለአንድ ደቂቃ ያህል ይንከሩት። በማንኪያ አውጥተው፣ በወፍራም ጨርቅ ይዘው ቀስ እያሉ ያቅኑት፤ ሳይለቁም ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ቶሎ ከለቀቁት ወደ ጥመቱ ይመለሳል።

ጥርባም ሆነ እንጅባራ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ በ2,500 ሜትር ከፍታ 92 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ደረቁ ፕላስቲክ አልላላም ሊል ይችላል። ያኔ በግድ አይጠፍ፣ ይሰበራል። ፍም ላይም አያስጠጉት፤ ጭሱ ይጎዳል። የፈላውን ውሃ ትልቅ ሰው ብቻ ይንካ፤ ልጁ ቀዝቃዛውን ይያዝ።