ውሻው ሳይከተብ ስለ ቀይ ቀበሮ ማውራት

ደቡብ ወሎ ውስጥ ካለው ደንቆሮ ጫካ የሚነሱ ጅረቶች በየትኛውም በኩል ቢወርዱ መጨረሻቸው አባይ ነው። ጅረቱን ይዞ የሚጓዝ ሰው ጭላዳ ገደል አፋፍ ላይ ሣር ሲነጭ ያያል፤ ወደ ደጋው ሽቅብ ከወጣና ዕድል ከቀናው ደግሞ ቀይ ቀበሮ አድብቶ አይጥ ሲይዝ ሊመለከት ይችላል። ታች አባይ በረሃ ወርዶ መንጠቆ ለሚጥል አምባዛና ቀረሶ አለለት። የአካባቢው ወረዳዎች ወግዲ፣ ቦረናና ሳይንት እንግዳ ቢመጣባቸው የሚያሳዩት አያጡም። በሌላው ዓለም እንዲህ ያለውን ጉዞ ብዙ ሰው ያለ ውሻ አያስበውም፤ የእኛም ከተሜ ውሻ አስከትሎ መንሸራሸርን እየለመደው ነው። በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ ላይ ግን ውሻ ተራ የመንገድ ጓደኛ አይደለም። እንግዳ ውሻውን ከታች ትቶ ይውጣ፣ የአካባቢው ውሻ ደግሞ በመንግሥት ወጪ ይከተብ እላለሁ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ያለ እሱ ደንቆሮ ጫካን ያቀፈው የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ጥበቃ ግማሽ ሥራ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ውጭ የትም የለም፤ ለአካለ መጠን የደረሱት ከ500 አይበልጡም፣ ከግማሽ በላዮቹም ባሌ ናቸው። የሰሜኖቹ እርስ በርስ በተራራቁ ተራሮች ላይ በጣት በሚቆጠሩ መንጋዎች ተበታትነዋል፤ እዚሁ ደቡብ ወሎ ያለው አምባ ፈሪት ተራራና አካባቢው ከነዚህ መጠለያዎች አንዱ ነው። መንጋው ትንሽ ሲሆን አንድ ክፉ ዓመት ይበቃዋል። ከወግዲ አባይን ተሻግሮ ጎጃም ውስጥ ያለው የጮቄ ተራራ ትናንት ቀይ ቀበሮ ነበረው፤ ዛሬ የለውም። ሰሜን ሸዋ ጎሽ ሜዳ ላይም እንዲሁ ጠፍቷል። በእነዚህ ቦታዎች ዋናው ጥፋት እርሻው ሽቅብ እየገፋ ሣሩን መጨረሱ ነው። እርሻ ግን ቀስ እያለ ይመጣል፤ በሽታ አይዘገይም። ባሌ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 92፣ በ2003 እና 4፣ በ2008 እና 9 ከውሻ የተላለፈ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን አጭዷቸዋል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከሚታወቁት ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞተዋል። ባሌ ብዙ ስለነበራት አገገመች። አምባ ፈሪት ላይ ያው በሽታ ቢገባ የሚተካ አይተርፍም።

በሽታውን እንተወውና እንስሳ ለማየት ብቻ የመጣውን ሰው እናስብ። መንዝ ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው ቀይ ቀበሮ ብቻውን አይጥ ሲያድን የሚሳካለት ከአራት አንድ ጊዜ ገደማ ነው፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሲገባ ግን ከሦስት ሁለት ጊዜ ያህል ይሳካለታል። ጭላዳዎቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም። ውሻ ሲያዩ ግን ወደ ገደሉ ይፈተለካሉ። እንግዲህ ውሻውን አስከትሎ የወጣ ተመልካች ከኢትዮጵያ ውጭ የማይገኘውን ይህን ትዕይንት ገና ከሩቁ በትኖት ይመለሳል። ገንዘቡን ከፍሎ፣ አቀበቱን ወጥቶ፣ ባዶ ገደል ማየት ምን ይባላል?

የአካባቢው ገበሬ ውሻውን የሚያሳድገው ለጌጥ አይደለም። ጅብና ቀበሮ በጉን እንዳይወስዱበት ነው፣ ሌሊት በረቱን እንዲጠብቅለት ነው። «ቀይ ቀበሮ ብሎ ውሻዬን የሚነካ ይምጣ» ቢል አይፈረድበትም። ማንም ውሻህን ተው አላለውም፤ የሚጠየቀው ውሻው እንዲከተብና ማታ ማታ ደጋው ላይ እንዳይዞር ነው። «ሰው እያለ ስለ አውሬ ማውራት ምቾት ነው» የሚለው ተቃውሞ ደግሞ ከሁሉም የከበደ ይመስላል፤ ሲመረመር ግን ለእኔ ክርክር ያደላል። የእብድ ውሻ በሽታ በዓለም ላይ በየዓመቱ 59 ሺሕ ያህል ሰው እንደሚገድል ይገመታል፤ ለሰው የሚተላለፈው ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ በውሻ ንክሻ ነው። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጆች ናቸው፤ እዚህ አገር ደግሞ ከከብትና ከውሻ ጋር ሜዳ የሚውለው እረኛው ልጅ ነው። የተነከሰ ልጅ ከወግዲ ገጠር ወጥቶ ተከታታይ መርፌ ሊወስድ ሲል የሚወጣውን የመንገድና የማደሪያ ወጪ ያሰበ ሰው፣ ለውሻው የሚሰጠው አንድ መርፌ ርካሽ መሆኑን ለመረዳት ባለሙያ መጠየቅ አያስፈልገውም። ለቀበሮው ተብሎ የሚሰጠው ክትባት ለልጁም ነው።

ከዚህ ይልቅ የባዘኑትን ውሾች በመርዝ መጨረስ ይቀላል የሚሉ አሉ፤ በየከተማው ማዘጋጃ ቤትም የተለመደ ዘዴ ነው። ይህ ግን ወንዝ ላይ የብርብራ መርዝ አፍስሶ ዓሣ እንደመያዝ ነው፤ ትልቁንም ትንሹንም ሳይለይ ያንሳፍፋል። መርዝ የበላ ውሻ ሬሳ ላይ የሚያርፍ አሞራና የሚቀርብ ጅብም አብሮ ይሞታል። ዓሣን በመርዝ ማጥመድን የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 ከልክሎታል፤ በየብስ ላይ ሲሆን ለምን እንደምንታገሠው አይገባኝም። መርዙ ቢሠራ እንኳ አንድ ነገር ነበር፤ አይሠራም። የተገደለው ውሻ ቦታ በሌላ ያልተከተበ ውሻ ይሞላል። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው እንዲቆም የሚያስቀምጠው መለኪያ ከመቶ 70 ውሾችን መከተብ ነው።

ለ70 በመቶው ዋናው ችግር መርፌው ሳይሆን ውሻውን ማግኘቱ ነው። የገበሬ ውሻ በገመድ ታስሮ ወረዳ ድረስ አይሄድም፤ ቢሄድም መንገድ ላይ ይናከሳል። የእንስሳት ጤና ባለሙያው ነው የበረዶ ሣጥኑን ይዞ ቀበሌ ለቀበሌ መዞር ያለበት፤ ውሻውን የሚይዙት ደግሞ የሚያውቃቸው እረኞች ናቸው። ባሌ ላይ የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ (እ.ኤ.አ.) ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል፤ በ2018 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ በፍየል ሥጋ የተሸሸገ ክትባት ለቀበሮዎቹ መስጠት ጀምሯል። የቦረና ሳይንት መንጋም ይህ ሁሉ ይገባዋል፤ ይሁንና ከውሻው ቢጀመር ይሻላል፤ ውሻው ሳይከተብ ቀበሮውን ብቻ መከተብ ምንጩን ትቶ ወራጁን ማጥራት ነው። በአማራ ክልል ያለው ግጭት ይህን ሁሉ እንደሚያከብደው አልክድም። መንገድ ሲዘጋ መድኃኒት አይደርስም፣ ባለቤታቸው የተፈናቀለ ውሾችም ይባዝናሉ፤ ስለዚህም ነው «ሰላም ሲሆን እናየዋለን» የሚለው መልስ የማይበቃው። ገንዘቡን በተመለከተ ደግሞ ፓርኩ ከሚያስከፍለው መግቢያ የተወሰነው ለዙሪያው ቀበሌዎች የውሻ ክትባት ተብሎ በስሙ ቢመደብ፣ የጎደለውን ክልሉ ቢሞላ፣ ገበሬው ሳንቲም ባይጠየቅ ፍትሐዊ ነው፤ ቀይ ቀበሮውን ዓለም ሁሉ ሊያየው ይመጣል፣ ውሻውን የሚቀልበው ግን እሱ ብቻ ነው።