ያረጀ ቋንቋ፣ ያላረጀ ሥራ

በኮምፒውተር ሙያ ሕይወታቸውን ለመምራት የሚሹ ወጣቶች ደጋግመው የሚያነሱት ጥያቄ አለ፦ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት የተነደፉ የፕሮግራም ቋንቋዎችን መማር ዛሬ ይጠቅማልን? ብዙ መካሪዎች «ጊዜ ማባከን ነው» ይላሉ። ምክሩ እውነትነት ቢኖረውም ሙሉ አይደለም።

ኮቦል እ.ኤ.አ. በ1959 ለንግድና ለመንግሥት ሥራ ታስቦ መነደፍ የጀመረ ቋንቋ ነው። ዛሬም በበርካታ ባንኮች፣ የመድን ድርጅቶችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያገለግላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ የሥራ አጥነት ድጎማ ጠያቂዎች በበዙ ጊዜ፣ የአሜሪካዋ ኒው ጀርሲ ግዛት ገዥ ፊል መርፊ ኮቦል የሚያውቁ በጎ ፈቃደኞች እንዲደርሱላቸው በይፋ ጥሪ አቅርበዋል።

አሮጌውን በአዲስ መተካትም ቀላል አይደለም። የብሪታኒያው ቲ.ኤስ.ቢ ባንክ እ.ኤ.አ. በ2018 የደንበኞቹን መዝገብ ወደ አዲስ ሥርዓት ሲያዛውር ብዙዎች ሂሳባቸውን ማንቀሳቀስ ተስኗቸው ነበር። በ2022 ተቆጣጣሪ አካላት ባንኩን ከ48 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ቀጥተውታል።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ «ኮቦል የተማረ ሁሉ ሥራ ያገኛል» ማለት ስሕተት ነው። ቀጣሪዎች የሚፈልጉት የቋንቋውን ሕግጋት ብቻ የሚያውቅ ጀማሪ ሳይሆን፣ ሌሎች ከዓመታት በፊት የጻፉትን ኮድ አንብቦ የሚረዳና የባንኩን አሠራር የሚያውቅ ሰው ነው። ይህም በልምድ የሚገኝ ነው።

ሲ የተባለው ቋንቋ ግን ሌላ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በቤል ላቦራቶሪዎች የተፈጠረው ይህ ቋንቋ የኮምፒውተር ማኅደረ ትውስታ እንዴት እንደሚሠራ በግልጽ ያሳያል። በወሎ ደረሳ ነሕው የሚቀራው ኪታቦችን ሁሉ ለመክፈት እንጂ ለነሕው ብቻ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ሲን ያጠናም ሌሎቹን ቋንቋዎች በጥልቀት ይረዳል።

በዚህ አካባቢ ከሥራ መልስ በምታገኘው ጥቂት ሰዓት ለምታጠና እህት ወይም ለሚያጠና ወንድም ትልቁ ቁም ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። በቅድሚያ ፓይተንን ወይም ጃቫን የመሰለ ሰፊ ገበያ ያለውን ይያዙ። ከዚያ መሠረትን ለማጽናት ሲን ያጥኑ። ኮቦልን ደግሞ የባንክ ወይም የመድን ሥራ በር ሲከፈት ይጨምሩት። የቋንቋው ዕድሜ ብቻውን የመማርም ሆነ የመተው ምክንያት ሊሆን አይገባም፤ ሚዛኑ የሚጠብቀን ሥራ ነው።