ልጁ በማያውቀው ቋንቋ ተመዘነ፦ ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በአፋር ክልል ኦቲዝም አለባቸው ተብለው የሚጠረጠሩ ሕፃናት ስለሚመረመሩበት ቋንቋና ስለሚታዘዝላቸው ሕክምና

ክቡራን የሥራ ኃላፊዎች፣

ከአዋሽ ሰባት እስከ ሰመራ ባሉት ከተሞች ኦቲዝም ላለበት ልጅ ምን እንዳለና ምን እንደሌለ እናንተ ታውቃላችሁ፤ እሱን በመዘርዘር ጊዜያችሁን አልሻማም። የምጽፈው ስለ አንድ ወረቀት ነው።

ወረቀቱ የስድስት ዓመት ልጄን ይመለከታል። የሰጠንን ተቋም ስም አልጠራም፤ ባለሙያውንም ለማዋረድ አልተነሣሁም። እንዲህ ይላል፦ «ስሙ ሲጠራ አይዞርም። ትእዛዝ አይቀበልም። የቋንቋ ችሎታ የለውም። ለቢሄቪየር ቴራፒ ወደ አዲስ አበባ ይላክ።» ከሥሩ ፊርማና ማኅተም አለበት።

ልጄ የተጠየቀው በአማርኛ ነው። ልጄ አማርኛ አይሰማም። ያደገው በአያቱ እጅ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከአፋርኛ ሌላ አይናገሩም። «ቁጭ በል»፣ «ኳሱን ስጠኝ»፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ሲባል አጠገቡ ነበርኩ። በአፋርኛ ልንገረው ብዬ ብጠይቅ፣ ወላጅ ጣልቃ ከገባ ምርመራው ይበላሻል ተባልኩ። ስሙም ቢሆን እኛ እንደምንጠራው አልተጠራም፤ በአፋርኛ ከጉሮሮ የሚወጣው ድምፅ ተውጦ ቀረ፣ ቤት ውስጥ እንደዚያ ብሎ የጠራው ሰው የለም። ከቀረቡለት ሥዕሎች አንዱ የሱፍ ጓንት ነበር። የሰመራ ልጅ የሱፍ ጓንት የት አይቶ ያውቃል?

ኦቲዝም የለበትም እያልኩ አይደለም። እኔም አያቱም ነገሩን ካወቅነው ቆይተናል። የሰው ዓይን አያይም። የጠርሙስ ክዳን በቀለም በቀለም ደርድሮ አንዷ ከተነካችበት ቀኑን ሙሉ ያለቅሳል። ጫጫታ ሲበዛ ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥም ከራሱ በላይ የጣሪያ ማራገቢያ እየተንቋቋ ይዞር ነበር። ነገር ግን ያው ልጅ አያቱ በአፋርኛ «ጄሪካኑን አምጣ» ሲሉት ከሁለቱ ጄሪካኖች ውኃ ያለበትን ለይቶ፣ በሁለት እጁ እየጎተተ ያመጣል። ትእዛዝ አይቀበልም የተባለው ይህ ልጅ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ደግሞ ወረቀቱን አይቶ «ከእኛ አቅም በላይ ነው» ብሎ መለሰው። በማያውቀው ቋንቋ ስለተጠየቀ ከክፍል ውጭ ቀረ ማለት ነው።

ወረቀቱን ከታዘዘልን ቢሄቪየር ቴራፒ፣ ማለትም ከባህርይ ሕክምናው ከራሱ አንፃር ልየው። ዓለም ኤቢኤ ብሎ የሚጠራው የባህርይ ትንተና ዘዴ መነሻው ቀላል ነው፦ አንድ ድርጊት ሲታይ ከድርጊቱ በፊት ምን ነበር፣ ከድርጊቱ በኋላስ ምን ተከተለ ተብሎ ይመዘገባል። ልጁ ሊማር የሚገባው ነገር በትንንሽ እርምጃ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዷ እርምጃ ስትሳካ ደስ የሚለው ነገር ይሰጠዋል። ታዲያ በልጄ ወረቀት ላይ «ከድርጊቱ በፊት» የሚለው የታል? የማያውቀው ሰው፣ የማያውቀው ቋንቋ፣ የሚንቋቋ ማራገቢያ፣ ዝም እንዲል የታዘዘ አባት፤ አንዱም አልተጻፈም። ወደ ባህርይ ሕክምና የላከን ወረቀት የሕክምናውን የመጀመሪያ ትምህርት ስቷል።

የታዘዘልን ሕክምናስ ምን ያህል ይጠይቃል? ኢቫር ሎቫስ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1987 በሎስ አንጀለስ ያወጣው ጥናት ይህን ዘዴ በዓለም አሳወቀ። 19 ሕፃናት በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ፣ ለሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ፣ አንድ ለአንድ ሠለጠኑ። 9ኙ መደበኛውን አንደኛ ክፍል አጠናቀቁ ተባለ። ሕፃናቱ ግን በዕጣ አልተመደቡም፤ በጊዜው ቁጣና ጭን ላይ መምታትም የሥልጠናው አካል ነበር። ያ ቅጣት ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፣ ቢሆንም በልጅነታቸው በዚህ ዘዴ ያለፉ ብዙ ሰዎች አድገው ቅሬታቸውን በአደባባይ ይናገራሉ። የሕክምና ጥናቶችን የሚመዝነው ኮክሬን እ.ኤ.አ. በ2018 ስለዚሁ ዘዴ ያወጣው ግምገማ ብቁ ሆነው ያገኛቸው ጥናቶች አምስት፣ ሕፃናቱም በድምሩ 219 ናቸው፤ ማስረጃውንም ደካማ ብሎታል። ዘዴው አይረባም ለማለት አይደለም። የጄሪካኗን ነገር አያቱ ያስተማሩት በትንሽ በትንሹ፣ እያሞገሱ ነው፤ እንደሚሠራ በዓይኔ አይቻለሁ። ነገር ግን 600 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ለሚኖር ቤተሰብ «ለቢሄቪየር ቴራፒ ይላክ» ብሎ መጻፍ ሕክምና ማዘዝ ነው ወይስ ማሰናበት? በሳምንት 40 ሰዓት የሚወስድ ነገር በሪፈር አይገኝም። ቤት ሸጦ አዲስ አበባ መግባት ነው።

አዲስ አበባ ያለውም ቢሆን በወላጆች ላብ የቆመ ነው። ነፍሳቸውን ይማርና ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ቦታ ቢያጡ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሥርተው ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈቱ። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም የወላጆች ሥራ ነው። ክብር ይገባቸዋል! ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖናል፤ የአፋር እናትም የራሷን ማዕከል እስክትከፍት ይጠበቅ?

ሌላ መንገድ እንዳለ ሚኒስቴሩ ያውቃል። የዓለም ጤና ድርጅት ስፔሻሊስት ያልሆኑ ሠራተኞች ለወላጆች የሚሰጡት ሥልጠና አዘጋጅቷል፤ ዘጠኝ የቡድን ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ነው፣ ከባህርይ ትንተናም ብዙ ወስዷል። ለአገራችን እንዲስማማ ተደርጎ በአዲስ አበባ ተሞክሯል፤ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2020 ታትሟል። ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ስለ ሕፃናት እድገት ችግር የሥልጠና ጽሑፍና ቪዲዮ ተዘጋጅቷል። ለእኛ የሚያስፈልገን ይኸው በአፋርኛ፣ አያቶች በሚገኙበት ቤት፣ ሙቀቱ በሚበርድበት ሰዓት ነው።

ስለዚህ በትሕትና እጠይቃለሁ፦ ልጄ አፋርኛ በሚናገር ባለሙያ እንደገና ይመርመር፤ ያ ወረቀትም ይሻር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ወረቀት የተጻፈበት የእኔ ልጅ ብቻ ነው ብዬ አላምንም። አፋርኛ የሚሰሙ ሕፃናት በሌላ ቋንቋ ተጠይቀው የተሰጣቸው ውጤት ሁሉ ይመርመር። መጠይቆቹም በአፋርኛ ይዘጋጁ፤ ተተርጉመው ብቻ አይቅሩ፣ በአፋር ልጆች ላይ ይሞከሩ። የወላጆች ሥልጠና በአዋሽ ሰባት፣ በገዋኔ፣ በሚሌ፣ በሎጊያና በሰመራ ይጀመር። ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ከሚኒስቴሩ ጋር ሆኖ ሥልጠናው በአርብቶ አደር ቤት ይሠራ እንደሆነ ያጥና፤ የሚያጠናም ሁሉ ውጤቱን ለተጠኑት ወላጆች በቋንቋቸው ተመልሶ ይንገር። ዜናን ዳጉ በሚባለው ልማዱ እየተጠያየቀ ለሚያደርስ ሕዝብ ውጤት መንገር አይከብድም። የሐኪም ወረቀት ልጅን ከትምህርት ቤት ማስወጫ እንዳይሆን ከትምህርት ሚኒስቴር ጋር ተነጋግራችሁ መመሪያ አውጡ። ያለውን አገልግሎት ለማግኘት አዲስ አበባ መሄድ ግድ እስከሆነ ድረስም ለሚላኩ ቤተሰቦች መጓጓዣና ማደሪያ በጀት ይያዝ። የሶማሌና የቦረና ልጆችም ጥያቄያቸው ይኸው ነውና ምላሹ ለሁሉም ይሁን።

በዛ ትሉ ይሆናል። አገራችን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 25 የጤና አገልግሎት ገጠሩን ጨምሮ በተቻለ መጠን ለሰዎች መኖሪያ ቅርብ ይሁን ይላል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 5 ደግሞ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በእኩልነት የመንግሥት እውቅና አላቸው ይላል። ከዚህ ያለፈ የጠየቅሁት የለም።

ይህን የምታነቡ በአፋር ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ እንዲህ ያለ ወረቀት በእጃችሁ ካለ በንዴት አትቅደዱት። ልጃችሁ በየትኛው ቋንቋ እንደተጠየቀ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረና ቀኑን ከጀርባው ጻፉበት፤ ቅጂ አስቀሩና ለክልሉ ጤና ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ። መዝገብ ቤት ገቢ ያደረገበትን ቁጥር ሳትቀበሉም አትውጡ።

ከአክብሮት ጋር
የልጁ አባት፣ ሰመራ

ግልባጭ፦
ለአፋር ክልል ጤና ቢሮ
ለአፋር ክልል ትምህርት ቢሮ
ለሰመራ ዩኒቨርሲቲ
ለኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም